አንድ ክኒን፣ አራት ካርቶን

ጀርባው የሚያመው ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ መደርደሪያ ፊት ቆሟል። አንድ እጁ ወገቡ ላይ ነው። ከፊቱ አራት ካርቶን ተደርድሯል። አንዱ ለጀርባ ሕመም ነው። ሁለተኛው ለወር አበባ ሕመም፣ ሦስተኛው ለማይግሬን፣ አራተኛው በውጥረት ለሚመጣ ራስ ምታት። ከጎናቸው ስለ ጀርባም ስለ ራስም ምንም ያልተጻፈበት ተራ ማስታገሻ አለ። ዋጋው ከአራቱ የአንዱን ካርቶን ግማሽ ቢያልፍ በትንሽ ነው። ሰውየው ያመነታል። ከዚያ የሱን ሕመም በስም የሚጠራውን ያነሳና ሊከፍል ይሄዳል። ማን ይፈርድበታል? የሚያመው ጀርባው ነው፣ ካርቶኑም ጀርባ ይላል።

ካርቶኑን ገልበጥ አድርጎ ደቃቁን ጽሑፍ ቢያነብ ኖሮ አንዲት መስመር ያገኝ ነበር። ኢቡፕሮፌን ላይሲን፣ 342 ሚሊግራም። የማይግሬኑን ቢገለብጥም 342 ነው። የወር አበባውም 342። የራስ ምታቱም ያው። አራቱም ከአንድ ወንዝ የተቀዱ ናቸው።

ሰውየውን የሳልኩት እኔ ነኝ። ካርቶኖቹ ግን እውነተኛ ናቸው። አገሩ አውስትራሊያ፣ መድኃኒቱ ኑሮፌን፣ ኩባንያው የእንግሊዙ ሬኪት ቤንኪዘር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከእነዚህ አራት ዓይነት ካርቶኖች 5.9 ሚሊዮን ፓኬት ተሸጧል፣ ያውም 8,500 ገደማ በሚሆኑ መሸጫዎች። ኩባንያው ከዚህ ያገኘው ገቢ ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። (ከዚህ በኋላ ዶላር ስል የአውስትራሊያውን ነው። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በዋጋ የተናደደ ሸማች ብዙውን ጊዜ ንዴቱን ይዞ ቤቱ ይገባል። ለጓደኛው ያማርራል፣ ሁለተኛ አልገዛም ይላል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይገዛል። እዚህ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ እስከ አገሪቱ ከፍተኛው ችሎት ደጃፍም ሄደ። ሸማቹን ያናደደው ነገርና ፍርድ ቤት የቀረበው ነገር ግን አንድ አልነበሩም። እኔን የሳበኝ ይህ ክፍተት ነው።

ክኒን አድራሻ አያነብም

መጀመሪያ መድኃኒቱን እንየው፤ እሱ ካልገባን ቀሪው አይገባንም።

ሰውነት ሲጎዳ ወይም ሲቆጣ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። እነሱ እብጠትና ሙቀት ያመጣሉ፣ ነርቭንም ለሕመም ስስ ያደርጉታል። ኢቡፕሮፌን የሚሠራው እነሱን የሚያመርተውን ኢንዛይም በማገድ ነው። ክኒኑ ይዋጣል፣ ይሟሟል፣ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ደም ደግሞ የማይደርስበት የለም። ጀርባም ይሄዳል፣ ራስም ይሄዳል፣ ማሕፀንም ይሄዳል፣ ምንም ወዳላመመን ትልቅ የእግር ጣትም ይሄዳል። «እኔ የጀርባ ነኝና እዚህ ልውረድ» የሚል ክኒን የለም።

የዚህ መድኃኒት የራሱ ታሪክም ያንኑ ይመሰክራል። ኢቡፕሮፌንን ያገኘው ቡድን መሪ ስቱዋርት አዳምስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ኖቲንግሃም ውስጥ ቡትስ በተባለ ኩባንያ ይሠራ ነበር። ይፈልጉ የነበረው ለሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም መገጣጠሚያን ለሚያቆጣው በሽታ፣ የሚሆን መድኃኒት ነው። በ1969 በብሪታንያ በሐኪም ትዕዛዝ መሸጥ ጀመረ። አዳምስ ግን ለመገጣጠሚያ ብሎ የሠራውን ክኒን በራሱ ላይ የሞከረው ለሌላ ነገር ነበር። ሞስኮ ውስጥ ስብሰባ ላይ ንግግር ሊያደርግ ነው። ማታውን ከወዳጆቹ ጋር ሲጫወት አምሽቶ ጠዋት ራሱን ፈለጠው። ለሁሉም ይሁን ብሎ 600 ሚሊግራም ዋጠ። ለቀቀው። የመገጣጠሚያው ክኒን የራስ ምታቱን አባረረ፤ ማንም ካርቶን አልቀየረለትም።

በ1983 ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዲሸጥ ሲፈቀድ ኑሮፌን የሚል ስም ይዞ ወጣ። በ2006 ሬኪት የቡትስን ያለ ትዕዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች ክፍል ሲጠቀልል ኑሮፌንም አብሮ ገባ። በዚያን ጊዜ ኢቡፕሮፌን ማንም ኩባንያ ሊያመርተው የሚችል ተራ ነገር ሆኗል። የባለቤትነት መብቱ ካለፈ ቆይቷል። ርካሽ ክኒን በየመደርደሪያው ሞልቷል። ታዲያ ሁሉም የሚሸጠውን ነገር እንዴት አድርጎ በውድ መሸጥ ይቻላል? ክኒኑን መቀየር ከባድ ነው፤ ምርምር ይፈልጋል፣ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ዓመታት ይፈጃል። ስም መቀየር ቀላል ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመድኃኒት ስም የሚያወጣው ግን የማርኬቲንግ ክፍሉ ነው።

እዚህ ላይ ለኩባንያው አንድ ነገር መተው ፍትሐዊ ነው። 342 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን ላይሲን ማለት ከ200 ሚሊግራም ተራ ኢቡፕሮፌን ጋር እኩል ነው። የሚበልጠው ክብደት የላይሲኑ ነው። ላይሲን የአሚኖ አሲድ ዓይነት ነው፤ ሲታከልበት ክኒኑ ቶሎ ይሟሟል፣ ቶሎም ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ «ከተራው ጋር ምንም ልዩነት የለውም» ካልን እኛም አጋነንን ማለት ነው። ቶሎ መሥራቱን ጽፎ፣ ለፍጥነቱ ተጨማሪ አስከፍሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ችግሩ ያለው አራቱ ካርቶኖች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ነው። በአውስትራሊያ የመድኃኒት መዝገብ ላይ የተፈቀደላቸው አገልግሎት አንድ ዓይነት ነው። የማይግሬኑ ለጀርባ ይሆናል። የጀርባው ለወር አበባ ይሆናል።

ሰው ለምን ይከፍላል?

«ሸማቹ ራሱ አንብቦ መግዛት ነበረበት» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ራሱን እያመመው መድኃኒት ገዝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ያመመው ሰው አያወዳድርም። ቶሎ ገዝቶ ቶሎ ውጦ መተኛት ነው የሚፈልገው። ከኋላው ሰልፍ አለ፣ መብራቱ ዓይኑን ይወጋዋል፣ ጽሑፉ ደቃቅ ነው። «ላይሲን» ምን እንደሆነ ደግሞ ስንቱ ያውቃል? ይህ ሁሉ ለሻጩ የተሰወረ ነገር አይደለም።

ማወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ጥሩ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የታተመው በ2015፣ ልክ የአውስትራሊያው ክስ በተጀመረበት ዓመት። ተመራማሪዎቹ የራስ ምታት መድኃኒት ግዢን ቆጠሩ። አማካይ ሸማች ታዋቂ ስም ያለውን ውድ መድኃኒት የሚገዛው ከመቶ 26 ጊዜ ነው። ፋርማሲስቶችስ? ከመቶ 9 ጊዜ ብቻ። በሥራቸው ቀኑን ሙሉ መድኃኒት የሚያድሉት ሰዎች ለራሳቸው ሲሆን ርካሹን ነው የሚያነሱት። ከዚህ በላይ ምስክር እኔ አልፈልግም።

ግን ነገሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ አያልቅም። በ1981 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። ራስ ምታት የሚደጋገምባቸው 835 ሴቶች ተካፍለውበታል። ለአንዳንዶቹ አስፕሪን ታዋቂ ስም ባለው ፓኬት ተሰጣቸው፣ ለሌሎቹ ያው አስፕሪን ስም በሌለው ፓኬት። ለሌሎች ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን፣ እሱም በሁለቱ ዓይነት ፓኬት። ስም ያለው ፓኬት ስም ከሌለው የተሻለ አስታገሰ። ባዶው ክኒን እንኳ ስም ባለው ፓኬት ሲሆን የተሻለ ሠራ። ማለትም ካርቶኑም የራሱን ያህል ያድናል።

እንግዲህ አንድ ብልጥ ጠበቃ «ለጀርባ ተብሎ የተጻፈበት ክኒን ጀርባን የተሻለ ያሻለዋል፣ ሰውዬው አምኖ ስለዋጠው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ሞኝነት አይደለም። ግን ወዴት እንደሚወስደን አስቡት። ውሸቱ ስለሚሠራ ውሸቱን መሸጥ ይፈቀድ ወደሚል ነው። ያውም በእጥፍ ዋጋ።

ከዋጋው ሌላ ብዙ ያልተወራለት አንድ ጉዳት አለ። ጀርባውም ራሱም የሚያመው ሰው ምን ያደርጋል? ሁለቱንም ካርቶን ይገዛል። ሁለቱ የተለያዩ መድኃኒቶች መስለውታልና ከሁለቱም ይውጣል። ኢቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ሲወሰድ በቀን ከ1,200 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ሲበዛ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ሰውየው ደግሞ መጠኑን በጥንቃቄ የጠበቀ ነው የሚመስለው፤ ከጀርባው የተፈቀደለትን ያህል፣ ከራሱም የተፈቀደለትን ያህል። እኔን ከዋጋው ይልቅ ይህ ነው የሚያስደነግጠኝ።

ዋጋ መወደድ አይከሰስም

ነገሩን መጀመሪያ አደባባይ ያወጣው ቾይስ የተባለው የአውስትራሊያ የሸማቾች ድርጅት ነው። ቾይስ በየዓመቱ ሾንኪ የሚባል ሽልማት ይሰጣል። ሾንኪ በአገሬው አነጋገር የማይታመን፣ ነካ ያለበት፣ ሸወድ የሚያደርግ እንደማለት ነው። ማንም ኩባንያ አሸንፎ መድረክ ላይ መውጣት የማይፈልገው ሽልማት ነው። በ2010 ኑሮፌን በእነዚህ ካርቶኖች ሾንኪን ተሸለመ። ተሳቀበት፣ ተወራበት። ካርቶኖቹ ግን ከመደርደሪያው አልወረዱም። 5.9 ሚሊዮኑ ፓኬት የተሸጠው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መሆኑን ልብ በሉ። ማፈር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በመጋቢት 2015 የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ሬኪትን ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ከክሱ በፊት ኮሚሽኑ የዋጋ ዳሰሳ አድርጎ ነበር። አራቱ ካርቶኖች ከራሱ ከተራው ኑሮፌንም ሆነ ከሌሎች ኩባንያዎች ተመሳሳይ ማስታገሻዎች በእጥፍ ገደማ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጡ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ክሱ ላይ «ዋጋው ተወዷል» የሚል ነጥብ የለም። ሊኖርም አይችልም። በዚያን ጊዜ በአውስትራሊያ ሕግ፣ እንደ ብዙ አገሮች ሁሉ፣ አንድ ነጋዴ ለተራ ዕቃው የፈለገውን ዋጋ ቢጠራ ወንጀል አልነበረም። እጥፍ ቢል መብቱ ነበር። አሥር እጥፍ ቢልም መብቱ ነበር፤ የሚገዛው ካገኘ። ክሱ የቆመው በሸማቾች ሕጉ አንቀጽ 18 እና 33 ላይ ነው። 18 በንግድ ሥራ ሰውን የሚያሳስት ድርጊት አትፈጽም ይላል። 33 ደግሞ ስለ ዕቃው ምንነት፣ ባሕርይና ለምን እንደሚሆን ሕዝብን አታሳስት ይላል። ኮሚሽኑ የያዘው ካርቶኑ ላይና ድረ ገጹ ላይ የሰፈረውን ቃል ነው፦ እያንዳንዱ ምርት ለአንድ የተለየ ሕመም ተብሎ የተሠራ ነው የሚለውን። አልተሠራም። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ልዩነት ሸማች የሆንን ሰዎች ብዙ ጊዜ እንስተዋለን። ተናደን አቤቱታ ስንጽፍ መጀመሪያ የምንጽፈው ዋጋውን ነው። «ይህን ያህል አስከፈሉኝ!» ሰሚው ትከሻውን ይነቀንቃል። ስንት አስከፈሉ ሳይሆን ምን ብለው አስከፈሉ የሚለው ነው መያዣው። የኑሮፌን ከሳሾች ጎበዝ የሆኑት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ስለ እጥፉ ዋጋ ሲያወራ እነሱ ካርቶኑን ገልብጠው 342ን አነበቡ።

ኩባንያው በበኩሉ ሸማቹን ለማሳሳት አላሰብኩም ብሏል። ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚያማክር ባለሙያ ስለሌለ፣ ሰዎች ለሕመማቸው የሚሆነውን በቀላሉ እንዲያገኙ ለመርዳት ነው ካርቶኖቹን የለየሁት የሚል ነበር ማብራሪያው። እስቲ በቅን ልቦና እንየው። ሰው በሕመሙ ስም መድኃኒት ሲፈልግ እውነት ነው ይቀለዋል። ግን መርዳት ከሆነ ዓላማው፣ አንዱ ካርቶን ላይ «ለጀርባ፣ ለራስ ምታት፣ ለማይግሬንና ለወር አበባ ሕመም» ብሎ መጻፍ ከዚያም ይበልጥ ይረዳ ነበር። ቀለሙም ይቆጥባል። ደግሞስ ለዕርዳታው እጥፍ ማስከፈል ምን አመጣው?

አራት ካርቶን ከአንድ ካርቶን የሚበልጥበት ሌላም ነገር አለ፣ ይህ የኔ ግምት ነው። አራት ካርቶን መደርደሪያው ላይ አራት ቦታ ይይዛል። ዓይን የትም ቢሄድ ያው ስም ያጋጥመዋል። የተፎካካሪው ርካሽ ክኒን ወደ ታችኛው መደርደሪያ ይገፋል። አንድ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ፓኬት ይበቃው የነበረውን፣ ለሚስት አንድ፣ ለባል አንድ እያለ ሁለት ሦስት ይገዛል።

29 ሳንቲም

በታኅሣሥ 2015 ጉዳዩ ችሎት ሲቀርብ ሬኪት ጥፋቱን አመነ። ፍርድ ቤቱ ካርቶኖቹ በሦስት ወር ውስጥ ከየመደርደሪያው እንዲነሱ፣ ማስተካከያ ማስታወቂያም በድረ ገጽና በጋዜጣ እንዲወጣ አዘዘ። በጊዜያዊነት ደግሞ ኩባንያው አዲስ ካርቶን ለማውጣት ከኮሚሽኑ ጋር ተስማማ። አዲሱ ካርቶን ምርቱ ለሌሎች ሕመሞችም እኩል እንደሚሠራ በግልጽ መናገር ነበረበት። ይህችን ካርቶን አስቧት። በአንድ ወገን የተለየ ሕመም ስም፣ በሌላ ወገን «ለሌላውም ያው ነው» የሚል ጽሑፍ። ራሱን በራሱ የሚከስ ካርቶን።

ቅጣቱ ቆይቶ በሚያዝያ 2016 መጣ። 1.7 ሚሊዮን ዶላር። ኮሚሽኑ የጠየቀው ቢያንስ 6 ሚሊዮን ነበር።

1.7 ሚሊዮን ሲሉት ብዙ ይመስላል። ግን በ5.9 ሚሊዮን ፓኬት አካፍሉት። በአንድ ፓኬት 29 ሳንቲም ይመጣል። ገቢውን በዚያው ፓኬት ብታካፍሉት ደግሞ 7 ዶላር ከ60 ገደማ ነው። ከ7 ዶላር ከ60 ላይ 29 ሳንቲም ከፍሎ የማይሄድ ነጋዴ ይኖራል? እንዲህ ያለ ቅጣት የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ ውስጥ እንደ ኪራይና እንደ ማጓጓዣ አንድ መስመር ይዞ የሚቀመጥ ወጪ ነው። ካርቶን ማሳተሚያ፣ ማስታወቂያ፣ ቅጣት።

ኮሚሽኑም ያለው ይህንኑ ነው። ይግባኝ አለ። በይግባኙ ሙግት ላይ ያ ክሱ ውስጥ ያልነበረው ዋጋ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ጥፋተኛ ነው አይደለም ሲባል ዋጋው ቦታ አልነበረውም። ሸማቹ ስንት ተጎዳ ሲባል ግን ከዋጋው ልዩነት ሌላ ምን መለኪያ አለ? በታኅሣሥ 2016 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት የይግባኝ ችሎት የመጀመሪያው ቅጣት በግልጽ ያነሰ ነው ብሎ ወደ 6 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የሸማቾች ሕግ ሕዝብን በማሳሳት በአንድ ኩባንያ ላይ ከተጣሉት ቅጣቶች ሁሉ ትልቁ ነበር። ሬኪት ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሊሄድ ፈቃድ ጠየቀ። በሚያዝያ 2017 ተከለከለ። በዚሁ አለቀ።

6 ሚሊዮኑንም እንደዚያው አካፍሉት። በአንድ ፓኬት አንድ ዶላር ከትንሽ ሳንቲም ነው። ከአንድ ዶላር ገቢ 13 ሳንቲም ገደማ እንደማለት። ሪኮርድ የተባለው ቅጣት ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጉዳዩን ሳነብ የጠበቅሁት ሸማቹ የከፈለው ትርፍ ዋጋ ሁሉ ተመልሶ ኩባንያው በኪሳራ የወጣበትን መጨረሻ ነበር። አልሆነም። ቅጣቱ ደግሞ የሚገባው መንግሥት ካዝና ነው። ጀርባውን ያመመው ሰውዬ ከዚያ ውስጥ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። ለገዢዎች ተብሎ የቡድን ክስ ለብቻው ተመሥርቶ ነበር፤ እሱም በስምምነት ተቋጨ። ግን ከአራት ዓመት በፊት ለገዛው ማስታገሻ ደረሰኝ ያስቀመጠ ሰው ስንት ነው?

ያም ሆኖ ጉዳዩ ከንቱ አልቀረም። በጊዜው ሕጉ ለአንድ ጥፋት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ይህ የአንድ የማስታወቂያ ዘመቻ ወጪ ነው። ቅጣት ከወጪ ጋር ሲመሳሰል ምን እንደሚሆን ይህ ጉዳይና መሰሎቹ አሳዩ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ሕጉ ተቀየረ። ጣሪያው ወደ 10 ሚሊዮን፣ ወይም ከጥፋቱ የተገኘው ጥቅም ሦስት እጥፍ፣ ወይም ጥቅሙ መለካት ካልተቻለ የዓመት ሽያጩ 10 ከመቶ ሆነ፤ ከሦስቱ የበዛው ይወሰዳል። በ2022 ደግሞ 10 ሚሊዮኑ ወደ 50 ሚሊዮን፣ 10 ከመቶው ወደ 30 ከመቶ አደገ። እኔን ደስ የሚለኝ መሀል ላይ ያለው ነው፣ ሦስት እጥፉ። እሱ ሲኖር 29 ሳንቲም የሚባል ሒሳብ አይሠራም። አንድ ዶላር በውሸት ያገኘ ሦስት ዶላር ሊከፍል ይችላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳለ ነው። ዛሬም ማስታገሻ መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን ያያል። በአንዱ ላይ ትልቅ ስም አለ፣ በሌላው ላይ ማንም የማያውቀው ስም። ሁለቱም ኢቡፕሮፌን ናቸው፣ ሁለቱም 200 ሚሊግራም። አንዱ የሌላውን እጥፍ ያስከፍላል። ኮሚሽኑም ቢመጣ፣ ዳኞቹም ቢሰየሙ፣ ካርቶኑ ላይ የሚይዙት ነገር አያገኙም። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው።